የማን ሸክም ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ላይ ያገኘነው አይደለም፤ በመካከላችን የተነሣ ነው። የመዝሙር ክፍል አባል የሆነች የ22 ዓመት እኅታችን ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ፣ አራታችንን አስቀርታ አንድ ነገር አማከረችን። የጀርባ አጥንቷ የተጣመመ መሆኑን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር። ለመዝሙር ስንቆም ሁልጊዜ የረድፉን ዳር የምትመርጠው፣ ነጠላዋንም ከግራ ትከሻዋ እየተንሸራተተ ደጋግማ የምትመልሰው ለምን እንደሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ የመጣመሙ መጠን 54 ዲግሪ እንደሆነ ነግሯታል። ቀዶ ጥገና ሊደረግላት እንደሚችል፣ ነገር ግን ለሕይወቷ የሚያሰጋ አጣዳፊ ነገር እንደሌለ አስረድቶ፣ «ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው፤ አስቢበትና ወስነሽ ተመለሽ» ብሎ አሰናበታት። እርሷም ይህን ከነገረችን በኋላ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለችን።

እኛ ለመልስ ጊዜ አላጠፋንም። አራት ሰዎች አራት መልስ ሰጠን። ሁላችንም ተናግረን ስንጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ አልመጣችም።

ይህን የምንጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው። የምንጽፈውም ስለ እርሷ ጀርባ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም አንደበት ነው። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አንድ ሰው ስለ ገዛ አካሉ ከባድ ውሳኔ ሊወስን ሲል፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ የሆንን ሰዎች ምን ዕዳ አለብን? መብታችንስ እስከ የት ነው?

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንወቀው። ሳናውቀው መክረናልና፣ ስንጽፍ እንኳ አውቀን እንጻፍ።

ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ የሚሉት የአከርካሪ አጥንት ወደ ጎን መጣመምን ነው። አከርካሪው ወደ ጎን መሄድ ብቻ ሳይሆን በራሱ ዙሪያም ይጠመዘዛል። ስለዚህ የጎድን አጥንት በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይወጣል፤ ትከሻና ዳሌም እኩል መሆናቸው ይቀራል። በራጅ ሲለካ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ መጣመም ይህ ስም ይሰጠዋል። ከ100 ታዳጊዎች በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ ይገኛል፤ በአብዛኞቹ ላይ ቀላል ነው፤ እየከፋ የሚሄደው ግን በልጃገረዶች ላይ ይበዛል። መነሻው ብዙውን ጊዜ አይታወቅም። ከባድ ቦርሳ በማንገት ወይም ጎብጦ በማጥናት የሚመጣ አይደለም፤ የወላጅም ጥፋት አይደለም። በአገራችን ከሚታየው፣ የነቀርሳ በሽታ አከርካሪን ጎድቶ ከሚያመጣው ጉብጠትም ይለያል፤ ያኛው ቶሎ በመድኃኒት መታከም ያለበት ሌላ ሕመም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1741 ኒኮላ አንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የልጆችን አካል የማቃናት ጥበብ «ኦርቶፔዲ» ብሎ ሰየመው። ስሙን ያወጣው «ቀጥ ያለ» እና «ልጅ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክኛ ቃላት አጋጥሞ ነው። በመጽሐፉም ውስጥ ጠማማ ዛፍ ከቀጥ ያለ ግንድ ጋር በገመድ ታስሮ የሚያሳይ ሥዕል አለ። የአጥንት ሐኪሞች ያን ሥዕል እስከ ዛሬ እንደ ዓርማ ይጠቀሙበታል። በእርግጥም በዕድገት ላይ ላለ ልጅ ደረትና ወገብን የሚይዝ ደጋፊ ማሰር መጣመሙ እንዳይከፋ ሊረዳ ይችላል። ዕድገት ካበቃ በኋላ ግን ይህ ገመድ አይሠራም። እኅታችን ያደገች ዛፍ ናት። በልጅነቷ ቢታወቅ ኖሮ ወላጆቿ ይወስኑላት ነበር፤ አሁን ግን ውሳኔው በእርሷ እጅ ወድቋል።

ላደገ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ መጣመም ዕድገት ካበቃ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ከ50 ዲግሪ ያለፈው ግን በጉልምስናም ቀስ እያለ፣ በአማካይ በዓመት ወደ 1 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ሐኪሞች በዚህ መጠን አካባቢ ስለ ቀዶ ጥገና መነጋገር የሚጀምሩት ስለዚህ ነው።

ቀዶ ጥገናውን በብረት ዘንግ እንዲሠራ ያደረገው በአሜሪካ አገር በሂውስተን ከተማ የነበረው ፖል ሃሪንግተን ነው፤ እርሱም ሥራውን የጀመረው በፖሊዮ ምክንያት ጀርባቸው የተጣመመ ልጆችን ለመርዳት ሲል ነበር። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎ አሳትሟል። በዘመናችን ጀርባው ተከፍቶ በአከርካሪው አንጓዎች ላይ ብሎኖች ይገባሉ፤ ዘንጎች ይያያዙባቸውና መጣመሙ በተቻለ መጠን ይቃናል፤ ከዚያም አንጓዎቹ እንዲዋሐዱ በላያቸው ላይ የአጥንት ቅንጣት ይደረጋል። ሥራው በርካታ ሰዓት ይፈጃል፤ አጥንቱ እስኪዋሐድም ወራት ያልፋሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች በደኅና ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን የተዋሐደው ክፍል ዳግመኛ አይታጠፍም። ቁስል ሊያመረቅዝ፣ ዘንግ ሊሰበር፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከስንት አንድ ጊዜ ደግሞ ሕብለ ሰረሰር ይጎዳል።

ያልታከሙትስ? በአሜሪካ በአዮዋ የሚገኙ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ሳይደረግላቸው የኖሩ ሰዎችን ለ50 ዓመት ያህል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2003 ያገኙትን ጽፈዋል። አብዛኞቹ ሠርተው፣ ራሳቸውን ችለው ኖረዋል። የጀርባ ሕመም ግን ከሌላው ሰው በዝቶባቸዋል፤ በመልካቸውም ቅር የሚሰኙ ነበሩ፤ መጣመሙ 80 ዲግሪ ያለፈባቸው ደግሞ ለትንፋሽ ማጠር ይበልጥ ተጋልጠዋል።

ምርጫው ግልጽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጀርባቸው እጅግ የተጣመመና የጎበጠ ኢትዮጵያውያን ልጆችንና ወጣቶችን ወደ ጋና፣ ወደ ዶክተር ኦሄኔባ ቦዋቺ አጄ ዘንድ ለቀዶ ጥገና ልከዋል። አከርካሪ ተጣጥፎ ሳንባን ሲያፍን ከቶ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። የእኅታችን ጉዳይ ግን እንዲህ አይደለም። እርሷ መሐል ላይ ናት። ብትሠራው ምክንያት አላት፤ ብትተወውም ምክንያት አላት። በዕድሜ እየገፋች ስትሄድ አጥንቱ ስለሚደርቅ ቀዶ ጥገናው ይከብዳል፤ ስለዚህ «ትንሽ ልቆይ» ማለትም ራሱ ዋጋ ያለው ውሳኔ ነው። ያለ ዋጋ የሚገኝ መንገድ የላትም።

እንግዲህ ይህችን እኅት ምን ብለን እንደ መከርናት እንናገር።

አንደኛው ወንድማችን «ጠበል ተጠመቂ፤ በሰውነት ውስጥ ብረት ማስገባት የእምነት ማነስ ነው» አላት። ይህ ወንድም በቅንነት ነው የተናገረው፤ በጠበል የዳኑ ዘመዶች አሉት። እኛም በጠበል እናምናለን። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጠበልና ሐኪም ባላጋራዎች አይደሉም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ምክር እኅታችንን ከየት ላይ እንዳቆማት ነው። ቀዶ ጥገና ብታደርግ እምነት ጎደላት ልትባል ነው፤ ተጠምቃ ጀርባዋ ባይቃና ደግሞ ያው እምነት ጎደላት ልትባል ነው። በሁለቱም በር ጥፋተኛ ሆና እንድትወጣ ፈረድንባት።

ሁለተኛዋ እኅታችን «እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ከፈጠረሽ ተቀበዪው፤ ለውበት ብለሽ ሰውነትሽን አታስቀድጂ» አለቻት። ይህን ስንሰማ ደግ ምክር መስሎን ነበር። ቆይተን ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለችውን፣ 18 ዓመት ጎብጣ የኖረችውን ሴት አሰብን። ያች ሴት ጎባጣ ሳለች በምኩራብ ነበረች፤ ጉብጠቷ ከእግዚአብሔር ቤት አላስቀራትም። ጌታችንም የአብርሃም ልጅ ናት ብሎ መሰከረላት። እንዲህም ሆኖ «እንዲሁ ኑሪ» አላላትም፤ አቃናት። ስለዚህ ጠማማ ጀርባ ሰውን በእግዚአብሔር ፊት አያሳንስም፤ ቀጥ ብሎ ለመቆም መመኘትም ኃጢአት አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንችላለን። መነጽር የምናደርግ፣ ጥርሳችንን የምናስተካክል እኛ፣ እርሷ ቀጥ ማለትን ብትመኝ ትዕቢት ማለታችን ከየት የመጣ ነው?

ሦስተኛዋ ደግሞ በፍቅር ቃል «ከማግባትሽ በፊት ብታደርጊው ይሻላል» አለቻት። መጣመሙም ሆነ ቀዶ ጥገናው በአብዛኛው መውለድን እንደማይከለክል ኋላ ተረዳን። በዚያች ሰዓት ግን እኅታችን የሰማችው «እንዲህ ሆነሽ የሚፈልግሽ የለም» የሚለውን ነው።

አራተኞቹ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛ ነን። ዩኒቨርሲቲ እንማራለንና የተሻለ የምናውቅ መሰለን። «በዚህ ዘመን ሳይንስ መፍትሔ ካገኘለት ምን ትጠብቂያለሽ? ነገውኑ አድርጊው» አልናት። እርሷም ዝግ ባለ ድምፅ «ከዚያ በኋላ መስገድ እችል ይሆን?» ብላ ጠየቀች። እኛም ፈገግ ብለን «ታዲያ የሚያሳስብሽ ይህ ነው እንዴ?» አልናት።

ይህችን ፈገግታ ዛሬ ስናስባት እናፍራለን። የሌላ ሰው ጀርባ በሚከፈትበት ጊዜ ደፋር መሆን ቀላል ነው። በቢላዋው ሥር የምትተኛው እርሷ ናት፤ ከማደንዘዣው ስትነቃ የእግሯን ጣት ለማንቀሳቀስ የምትሞክረውም እርሷ ናት። እኛ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ሆነን ማስታወሻ እንጽፋለን።

ሦስተኛው እሑድ ባለፈ ጊዜ የሚያስተምሩን አባታችን ዘንድ ሄደን ነገሩን ሁሉ ነገርናቸውና «የትኛው ምክር ነው ትክክል?» አልናቸው። እርሳቸውም መልሰው «ልጆቼ፣ እርሷ የምትፈራው ምንድን ነው?» አሉን። አራታችንም ዝም አልን። አንዳችንም አልጠየቅናትም ነበር።

ያን ዕለት የጎባጣዋን ሴት ታሪክ ዳግመኛ አነበብነው። ከዚያ በፊት ያላስተዋልነውንም ነገር አየን። የምኩራቡ አለቃ በተቆጣ ጊዜ የተናገረው ለሕዝቡ ነው። በሌላ ቀን መጥታችሁ ተፈወሱ እያለ ስለ ሕግ ሲያስተምር ለሴቲቱ ለራሷ አንዲት ቃል አልተናገራትም። ጌታችን ግን አየ፤ ጠራት፤ ከእርሷ ጋር ተነጋገረ። እኛ ከሁለቱ የትኛውን መሰልን? ስለ እምነት፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሳይንስ ስንናገር በፊታችን የቆመችውን አላየናትም። የየራሳችንን አሳብ በእርሷ ጀርባ ላይ ጫንን። የተጣመመ ጀርባ ላይ ሸክም ጨመርን።

ታዲያ ምክር ይቅር እንላለን? አንልም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት የመከረ ሰው ከነገሩ እጁን ታጥቦ እንዲወጣ ያደርገዋል። መከራው አስቀድሞ ለደረሰበት ሰው ግን ይህ አነጋገር አይሆንም። ምክር መልካም የሚሆነው ከመስማት በኋላ ሲመጣ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 ላይ በቁጥር 2 እርስ በርሳችን ሸክም እንድንሸካከም ያዝዛል፤ ጥቂት ወረድ ብሎ በቁጥር 5 ግን እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። በአማርኛው ሁለቱም «ሸክም» ስለሆኑ የሚጋጩ ይመስላሉ። በግሪክኛው ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚያደቅ ክብደት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ሰው ራሱ ሊይዘው የሚገባው የድርሻው ጭነት ነው። ለጥያቄያችን መልስ ያገኘነው ከዚህ ነው።

ውሳኔው የእርሷ ጭነት ነው። እናቷም ቢሆኑ፣ እኛም ብንሆን፣ ሐኪሙም ቢሆን ልንነጥቃት አይገባም። ይህን ማለት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። በእኛ ዘንድ ሕመም የቤተ ዘመድ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡንም የሚያዋጣው፣ የሚያስታምመውም ቤተሰብ ነው። ወላጅን ማክበር ትእዛዝ ነውና የእናት ፍርሃት ሊደመጥ ይገባል። ነገር ግን እናትን ማድመጥና ውሳኔን ለእናት መተው አንድ አይደሉም። በውጤቱ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበት ሰው ራሱ መወሰን አለበት። ሌላ ሰው ወስኖላት ነገሩ ቢበላሽ፣ ከሕመሙ በላይ ቂም ተጭኗት ትኖራለች፤ ሌላ ሰው ከልክሏት በ40 ዓመቷ ቢብስባትም እንዲሁ ነው።

ፍርሃቱ፣ ብቸኝነቱ፣ ወጪው፣ የአልጋው ዘመን፣ የሰው አፍ ግን የሚያደቅ ክብደት ነው። ይህ የእኛ ድርሻ ነው።

በአራተኛው ሳምንት አራታችን ወደ ቤቷ ሄድን። እናቷ ቡና አፈሉልን። ይቅርታ ጠይቀን «የምትፈሪው ምንድን ነው?» አልናት፤ ከዚያም ዝም አልን። ብዙ ነገረችን። እግሬ ባይታዘዘኝስ ብላ ትፈራለች። ሳልሠራው ቀርቼ ኋላ ትንፋሽ ቢያጥረኝስ ብላ ትፈራለች። ለውበት ብላ ነው እንዳይሏት ትፈራለች፤ «ደግሞም በከፊል እውነት ነው፤ አንድ ቀን በረድፉ መካከል መቆም እፈልጋለሁ» ብላ አለቀሰች። ስለ ስግደትም ነገረችን። በልጅነቷ ከአያቷ ጋር በስቅለት ዕለት ቆማ እየሰገደች ነው ጸሎትን የተማረችው። ያ ቢቀርባት ለእግዚአብሔር የምታቀርበውን ያጣች ይመስላታል። ያን ምሽት አንዳችንም ፈገግ አላልንም።

ከዚያ በኋላ የምንሠራው ሥራ አገኘን። ለሐኪሙ የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች አብረን ጻፍን፤ ስንት አንጓ ይዋሐዳል? እስከ ወገብ ይወርዳል ወይስ ከላይ ይቀራል? ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? አሁን ብተወው በየስንት ጊዜው ራጅ ልነሣ? ሁለታችን አብረናት ሄድን፤ ገብተን ለመናገር ሳይሆን ውጭ ለመጠበቅ። ሐኪሙ መልሱን በራጁ ላይ እያሳየ አስረዳት። ከዳሌ መታጠፍ እንደማይቀር፣ ውሕደቱ ወደ ወገብ በወረደ ቁጥር ግን ማጎንበስ እንደሚቀንስ ነገራት። የንስሐ አባቷም እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልገው እንደ አቅሙ መሆኑን፣ የሚሰግድ ልብ ካለ ራስን ዝቅ ማድረግም ስግደት መሆኑን አስተማሯት። እኛ በዚያች እሑድ በፈገግታ የዘጋነው ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ ያለው ኖሯል።

ብትሠራው ደም የሚሰጡ፣ ማስታወሻ የሚገለብጡላት፣ በየተራ የሚያድሩ ስም ዝርዝር ተዘጋጅቷል። ብትተወውም ለክትትል አብረዋት የሚሄዱ ሰዎች ስም በዚያው ወረቀት በሌላኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። ሁለቱም ገጽ እኩል እንዲሞላ ተጠንቅቀናል፤ የአንዱ መሙላት ምክር እንዳይሆንባት ብለን። በየሳምንቱም «ወሰንሽ ወይ?» ብለን ላንጠይቃት ተስማምተናል።

እኅታችን አሁን ወስናለች። ምን እንደ ወሰነች ግን እዚህ አንጽፍም። አንደኛ ነገር፣ የእርሷ ነው። ሁለተኛም፣ ብንጽፈው አንባቢ ሁሉ ከሚመጣው ውጤት ተነሥቶ ውሳኔዋን መመዘን ይጀምራል፤ ደኅና ከሆነች ጥበበኛ፣ ካልሆነች ደግሞ ተሳሳተች ሊል ነው። ሰው ግን የሚጠየቀው በሚያውቀው ልክ፣ በጸሎትና በጥንቃቄ ስለ መምረጡ ነው፤ ማንም የማያየውን ነገ ስላለማወቁ አይደለም።

ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን ሌላ ሰው ነገ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሕመም ይሆናል፣ ትምህርት ማቋረጥ ይሆናል፣ ትዳር ይሆናል። «ምን ትላላችሁ?» ሲለን መልሳችንን ጥቂት እናቆይ፤ አስቀድመን የሚፈራውን እንጠይቅ። ከዚያም ጭነቱን ለእርሱ ትተን የሚያደቅቀውን ለመሸከም ትከሻችንን እናቅርብ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።